የተፋቱ ወላጆች፣ የኮሌጅ ዕርዳታና ግብር፦ በገዳሪፍ በኩል ወደ አሜሪካ የመጡ ቤተሰቦች ሊያውቁት የሚገባ

አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ ለመግባት የሚዘጋጅ ወጣት የገንዘብ ዕርዳታ ሲጠይቅ በቅድሚያ ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች አንዱ ወላጁ ማን እንደሆነ ነው። አባትና እናት በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚኖሩበት ቤት መልሱ ቀላል ነው። ወላጆቹ ለተፋቱበት ወጣት ግን ጥያቄው እንደ ጠያቂው ሦስት የተለያዩ መልሶች አሉት። የፌዴራሉ መንግሥት የዕርዳታ ቅጽ የሚፈልገው የልጁን ወጪ በብዛት የሸፈነውን ወላጅ ነው። የግብር ሕጉ የሚመለከተው ልጁ ብዙ ሌሊት ያደረበትን ቤት ነው። አንዳንድ ኮሌጆች ደግሞ የሁለቱንም ወላጆች ገቢና ንብረት ማወቅ ይሻሉ።

ሦስቱን ማምታታት ዋጋ ያስከፍላል። ሊያገኘው ይገባ የነበረውን ድጎማ ያጣ ተማሪ ወደ ብድር ይዞራል፤ አንድን ልጅ ሁለቱም በግብር ያስመዘገቡ ወላጆች ደግሞ የመንግሥት ጥያቄ ይከተላቸዋል። ከወላጆቹ አንዱ ምሥራቅ ሱዳን ውስጥ በቀረበት ቤተሰብ ችግሩ ይበልጥ ይወሳሰባል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሁለት አገር የተከፈለ ቤተሰብ

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ጦርነትና ረሃብ ያፈናቀላቸው በርካታ ኢትዮጵያውያን በመተማና በሑመራ በኩል ወደ ሱዳን ተሻግረዋል። የገዳሪፍ ከተማ፣ ኡም ራኩባ፣ ወድ ከውሊና ሌሎችም የምሥራቅ ሱዳን መጠለያዎች የብዙዎች ማረፊያ ነበሩ። አሜሪካ በ1980 የስደተኞችን ሕግ ካወጣች በኋላ ከነዚህ ስፍራዎች ብዙዎች ወደዚያው አቅንተዋል። በሰሊጥና በማሽላ እርሻው የሚታወቀው የገዳሪፍ ግዛት፣ የመፋዛን አካባቢ ጨምሮ፣ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ሥራ ፍለጋ ድንበር የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያንን ሲያስተናግድ ቆይቷል።

በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነት ሲቀሰቀስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በድጋሚ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገቡ፤ ኡም ራኩባም ዳግም መጠለያ ሆነች። በሚያዝያ 2023 ደግሞ ሱዳን ራሷ በጦርነት ተያዘች። አሜሪካ በጃንዋሪ 2025 በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ የስደተኞች ቅበላ ፕሮግራሟን ስታቋርጥ የቤተሰብ አባሎቻቸውን ይጠብቁ የነበሩ ሰዎች ተስፋ ተንጠለጠለ። ስለዚህ ዛሬ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በሲያትል ወይም በሚኒያፖሊስ ለኮሌጅ የሚያመለክት ወጣት እናቱ አብራው፣ አባቱ ደግሞ ገዳሪፍ ወይም መፋዛ ሊሆን ይችላል።

የፌዴራሉ ቅጽ ወላጅ የሚለው ማንን ነው?

ለፌዴራል ዕርዳታ የሚሞላው ቅጽ በአጭር ስሙ ፋፍሳ ይባላል። ድጎማ፣ የሥራ ዕድልና የመንግሥት ብድር የሚገኘው በዚሁ ቅጽ ነው። ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ተመላሽ የማይጠየቅበት ፔል ግራንት ሲሆን፣ በ2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነው።

ቀደም ሲል ወላጆቹ የተፋቱ ተማሪ ቅጹን የሚሞላው አብሮት ብዙ ጊዜ በኖረው ወላጅ መረጃ ነበር። ኮንግረስ በታኅሣሥ 2020 ያጸደቀው ሕግ ይህን ለውጦታል። ከ2024–25 ጀምሮ መረጃው የሚጠየቀው ቅጹ ከመሞላቱ በፊት በነበሩት 12 ወራት ለልጁ ብዙ የገንዘብ ድጋፍ ያደረገው ወላጅ ነው። ድጋፋቸው እኩል ከሆነ ገቢው ወይም ንብረቱ የሚበልጠው ይሞላል። ከእናቱ ጋር እየኖረ የቤት ኪራዩ፣ ልብሱና የሕክምናው ወጪ በአብዛኛው በአባቱ የሚሸፈንለት ተማሪ እንግዲህ የአባቱን መረጃ ማቅረብ ይኖርበታል ማለት ነው።

ይህን ተከትለው የሚመጡ አራት ነጥቦች አሉ።

የመጀመሪያው የእንጀራ ወላጅ ነው። ቅጹን የሚሞላው ወላጅ ሌላ ትዳር መሥርቶ ከሆነ የአዲሱ ባል ወይም የአዲሷ ሚስት ገቢም ይቆጠራል። በጋብቻ ውል ላይ ለልጁ ትምህርት ኃላፊነት የለብኝም ተብሎ ቢጻፍም ደንቡ አይለወጥም።

ሁለተኛው አብሮ መኖር ነው። ተፋተው በአንድ ቤት መኖር የቀጠሉ ወላጆች የሁለቱንም መረጃ ይሰጣሉ።

ሦስተኛው የልጅ ቀለብ ነው። ቅጹን የሚሞላው ወላጅ በተጠናቀቀው ዓመት የተቀበለውን ቀለብ ይገልጻል። በአዲሱ አሠራር ይህ ገንዘብ የሚመዘገበው ከንብረት ጋር በመሆኑ በስሌቱ ላይ ያለው ጫና ከቀድሞው ቀሏል።

አራተኛው ብቻውን ለሚያሳድግ ወላጅ የተደረገው አስተያየት ነው። ያላገባ፣ የተፋታ ወይም የተለያየ ወላጅ ገቢው ለቤተሰቡ ብዛት ከተቀመጠው የድህነት መነሻ 225 በመቶ ካልበለጠ ልጁ ሙሉውን ፔል ግራንት የማግኘት መብት አለው። ለባለትዳሮች ጣሪያው 175 በመቶ ነው። የጋብቻ ሁኔታን አሳስቶ መሙላት ተማሪውን ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል ከዚህ ልዩነት መረዳት ይቻላል።

ርቀት ፍቺ አይደለም

ብዙ ቤተሰቦች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ባል ገዳሪፍ፣ ሚስት አሜሪካ ስለሆኑ ብቻ እንደተለያዩ አይቆጠሩም። ትዳሩ ጸንቶ ቪዛ፣ ጦርነት ወይም ሥራ ያራራቃቸው ሰዎች በፋፍሳ ዓይን ባለትዳር ናቸው፤ የሁለቱም መረጃ ያስፈልጋል። መለያየት የሚባለው ጥንዶቹ እንደ ባልና ሚስት መኖር ማቆማቸውን ሲቀበሉና በየራሳቸው ቤት ሲኖሩ ነው።

በሌላ በኩል የተለያዩ መሆንን በቅጹ ላይ ለመግለጽ የፍርድ ቤት ውሳኔ የግድ አያስፈልግም። ይህም ትዳራቸው በሽማግሌ ተመሥርቶ በሽማግሌ ለፈረሰ ሰዎች ጠቃሚ ነው። የኢትዮጵያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (1992 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን 2000) በባህልና በሃይማኖት የተፈጸመን ጋብቻ ቢቀበልም ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ወጥ የሆነው የጋብቻ፣ የፍቺና የልደት ምዝገባ በአገሪቱ የተጀመረው ደግሞ በ2016 ነው። ከዚያ በፊት በስደት ካምፕ ወይም በገጠር ተጋብተው የተለያዩ ሰዎች እጅ ሰነድ ባይገኝ አያስደንቅም። ኮሌጁ ማጣሪያ ሊጠይቅ ስለሚችል ግን በየስም የተጻፈ የቤት ኪራይ ውል፣ የመብራትና የውኃ ደረሰኝ፣ እንዲሁም ሁኔታውን የሚያውቁ ሰዎች የጻፉትን ደብዳቤ ማስቀመጥ ይበጃል።

የግብርና የፋፍሳ የጋብቻ ትርጉም ሊለያዩ እንደሚችሉም መዘንጋት የለበትም። የትዳር ጓደኛው ለአሜሪካ ግብር ነዋሪ ያልሆነ ሰው ልጅ የሚያሳድግ ከሆነ በግብር ማሳወቂያው ላይ «የቤተሰብ ኃላፊ» ተብሎ መመዝገብ የሚችልበት ሁኔታ አለ። ይኸው ሰው በፋፍሳ ላይ ግን ያገባ ነው።

ወላጁ ሱዳን ውስጥ ሲሆን

መረጃ እንዲሰጥ የሚጠየቅ ወላጅ በኢንተርኔት የራሱን መለያ ይከፍታል፤ የግብር መረጃው ከአገር ውስጥ ገቢ መሥሪያ ቤት እንዲተላለፍም ፈቃዱን ይሰጣል። ፈቃዱ ካልተሰጠ ተማሪው የፌዴራል ዕርዳታ አያገኝም። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም መለያ መክፈት ይችላል። በአሜሪካ ግብር ከፍሎ የማያውቅ ከሆነ ገቢው በእጅ ይሞላል፤ በሱዳን ፓውንድ ወይም በብር ያገኘው ወደ ዶላር ተመንዝሮ ይጻፋል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ያለን ወላጅ መረጃ ማሰባሰብ ጊዜ ስለሚወስድ ሥራውን ከወራት በፊት መጀመር ያስፈልጋል።

የወላጅ የኢሚግሬሽን ሁኔታ የልጁን መብት አይነካም። ዋናው የተማሪው ሁኔታ ነው። ዜጎች፣ ግሪን ካርድ ያላቸው፣ በስደተኝነት የገቡና ጥገኝነት የተፈቀደላቸው ተማሪዎች ዕርዳታውን መጠየቅ ይችላሉ። የጥገኝነት ማመልከቻው ገና በመታየት ላይ ያለ ተማሪ ግን በዚያ ብቻ አያገኝም።

ወላጆቹ ተፋተው አባቱ መፋዛ የቀረና እናቱ ሜሪላንድ ውስጥ የምታሳድገው ተማሪ ምሳሌ ሊሆን ይችላል። አባት ገንዘብ የማይልክ ከሆነ ቅጹን የምትሞላው እናት ብቻ ናት፤ የአባት ፊርማም ሆነ ገቢ በፋፍሳ አይጠየቅም።

ልጁ በአጎቱ ወይም በአክስቱ ዘንድ ያደገ ሲሆን ነገሩ ይለያል። በኢትዮጵያውያን ባህል ያሳደገ ሰው እንደ ወላጅ ይቆጠራል። በፋፍሳ ግን በሕግ ጉዲፈቻ ካላደረጉት በስተቀር አጎት፣ አክስት፣ አያትና ታላቅ ወንድም ወላጅ አይባሉም፤ ገቢያቸውም በወላጅ ቦታ አይሞላም። በሚኖርበት ክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት ሞግዚት የተሾመለት ተማሪ ግን ራሱን እንደቻለ ስለሚቆጠር የወላጅ መረጃ አይጠየቅም።

ወላጆቹን ማግኘት የማይችል ወይም እነርሱን መፈለግ አደጋ ላይ የሚጥለው ተማሪ ሌላ በር አለው። ሕጉ የስደተኝነት ወይም የጥገኝነት ሁኔታን፣ በወላጅ መተውንና መሰል ምክንያቶችን «ያልተለመደ ሁኔታ» ብሎ ይቀበላል። ተማሪው ይህን በቅጹ ላይ ከገለጸ የወላጅ መረጃ ሳይጨምር ማስገባት ይችላል፤ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው የኮሌጁ የዕርዳታ ጽሕፈት ቤት ነው። ጽሕፈት ቤቱ እያንዳንዱን ጥያቄ በየግሉ መመርመር አለበት፤ ሁሉንም በጅምላ እንቢ የማለት መመሪያ ሊኖረው አይችልም። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ የጠበቃ ወይም የትምህርት ቤት አማካሪ ደብዳቤ ጥያቄውን ያጠናክራል።

ኮሌጁ የራሱ ቅጽ ሲኖረው

በተለይ ብዙ የራሳቸው ገንዘብ ያላቸው የግል ኮሌጆች ከፋፍሳ በተጨማሪ ሲ ኤስ ኤስ ፕሮፋይል የተባለውን የኮሌጅ ቦርድ ቅጽ ይጠይቃሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከልጁ ጋር የማይኖረውም ወላጅ ለብቻው እንዲሞላ ይፈልጋሉ። ፋፍሳ የማይቆጥረውን የመኖሪያ ቤት ዋጋ ጨምሮ ሰፋ ያለ ዝርዝርም ሊጠየቅ ይችላል። በፋፍሳ ያልተጠየቀ አባት እዚህ ላይ የሚጠየቅበት ምክንያት ይኸው ነው።

አድራሻው የጠፋ፣ በቤተሰቡ ላይ ጥቃት ያደረሰ ወይም ለዓመታት ግንኙነት ያቋረጠ ወላጅ ያለው ተማሪ ይህ ግዴታ እንዲነሣለት ማመልከት ይችላል። «አልከፍልም ብሏል» የሚለው ምክንያት ብቻውን ግን ብዙ ጊዜ ተቀባይነት አያገኝም። ተማሪው ለኮሌጁ ከማመልከቱ በፊት የትኛው ቅጽ እንደሚያስፈልግ ቢጠይቅ ኋላ ከመደናገጥ ይድናል።

ግብር ላይ ልጁ የማን ነው?

በግብር ሕግ ልጁን እንደ ጥገኛ የሚያስመዘግበው በመሠረቱ በዓመቱ ልጁ ብዙ ሌሊት ያደረበት ወላጅ ነው። ሌሊቶቹ እኩል ከሆኑ ገቢው የሚበልጠው ይወስዳል። የሙሉ ጊዜ ተማሪ የሆነ ልጅ 24 ዓመት እስኪሞላው በጥገኝነት ሊመዘገብ ይችላል፤ በኮሌጅ መኝታ ቤት ያሳለፈው ጊዜም እቤቱ እንደነበረ ይቆጠራል። ልጁን በግብር ያስመዘገበ ወላጅ ፋፍሳንም መሙላት አለበት የሚል ደንብ የለም፤ ሁለቱ በየራሳቸው መስፈርት ይታያሉ።

ልጁ አብሮት የሚኖረው ወላጅ ቅጽ 8332ን ፈርሞ ይህን መብት ለሌላው ማስተላለፍ ይችላል። የፍርድ ቤት ውሳኔ ወይም የቃል ስምምነት የዚህን ቅጽ ቦታ በአብዛኛው አይተካም። ቢተላለፍም የቤተሰብ ኃላፊነት ምዝገባና ለዝቅተኛ ገቢ ሠራተኞች የሚሰጠው ክሬዲት ከሚያሳድገው ወላጅ ጋር ይቀራሉ።

ከትምህርት ጋር የተያያዘው ትልቁ ጥቅም የአሜሪካን ኦፖርቹኒቲ ክሬዲት ነው። ከመጀመሪያው 2,000 ዶላር የትምህርት ወጪ ሙሉውን፣ ከቀጣዩ 2,000 ደግሞ 25 በመቶውን፣ በድምሩ እስከ 2,500 ዶላር ከግብር ይቀንሳል። ለአንድ ተማሪ ለአራት ዓመት ያገለግላል። ግብር የማይደርስበት ሰው እንኳ እስከ 1,000 ዶላር በጥሬው ሊመለስለት ይችላል። ጥቅሙ የሚሰጠው ልጁን በጥገኝነት ላስመዘገበው ነው፤ ክፍያውን ሌላው ወላጅ ፈጽሞት ቢሆንም ለውጥ የለውም። ላላገባ ሰው የክሬዲቱ መጠን ገቢው ከ80,000 ዶላር ሲያልፍ መቀነስ ይጀምራል፤ 90,000 ሲደርስ ይጠፋል። በፔል ግራንት የተሸፈነ የትምህርት ክፍያ ለክሬዲቱ አይቆጠርም።

በስሌት ሲታይ እንዲህ ነው። ልጁ ከእናቱ ጋር ይኖራል፤ እናት ገቢዋ አነስተኛ ስለሆነ የሚደርስባት ግብር የለም። አባት በዓመት 70,000 ዶላር ያገኛል። ከድጎማ የተረፈው የትምህርት ክፍያ 4,000 ዶላር ነው። እናት ብታስመዘግበው 1,000 ዶላር ታገኛለች፤ መብቱን ለአባት ብታስተላልፍ እርሱ 2,500 ዶላር ይቀነስለታል። ልዩነቱ 1,500 ዶላር ነው፤ ተነጋግረው ለልጁ መጻሕፍት ሊያውሉት ይችላሉ። የአባት ገቢ 95,000 ዶላር ቢሆን ኖሮ ግን ማስተላለፉ ለክሬዲቱ ምንም አይጠቅምም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በቅጽ 8332 የሚደረገው ዝውውር የተመሠረተው ልጁ በሕግ በወላጆቹ ጥበቃ ሥር በመሆኑ ላይ ነው። በአብዛኞቹ ክፍላተ ግዛት ልጅ ለአካለ መጠን የሚደርሰው በ18 ዓመቱ ስለሆነ፣ ዝውውሩ በኮሌጅ ዓመታት ላይሠራ ይችላል። «እስኪመረቅ አባት ያስመዝግበው» የሚል ስምምነት ያላቸው ወላጆች የግብር ባለሙያ ማማከር አለባቸው። ከ2026 የግብር ዓመት ጀምሮም የትምህርት ክሬዲት ለማግኘት የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ማቅረብ ግዴታ ሆኗል።

ገዳሪፍ ለቀረ ልጅ ገንዘብ የሚልክ ወላጅ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያነሣል። የአሜሪካ ዜግነት የሌለውና ሱዳን ውስጥ የሚኖር ልጅ፣ ወጪው በሙሉ ከአሜሪካ ቢላክለትም፣ በግብር ማሳወቂያ ላይ ጥገኛ ሆኖ አይመዘገብም።

ቀለብና የፍቺ ስምምነት

ለልጅ የሚከፈል ቀለብ ከከፋዩ ግብር አይቀነስም፤ ለተቀባዩም ገቢ ተብሎ አይታሰብም። ከ2018 መጨረሻ በኋላ በተፈጸመ ፍቺ ለቀድሞ የትዳር ጓደኛ የሚከፈለውም እንዲሁ ነው።

የኮሌጅን ወጪ በተመለከተ ሕጉ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያያል። በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት፣ በኢሊኖይና በኒው ጀርሲ ፍርድ ቤት የተፋቱ ወላጆች ለኮሌጅ እንዲያዋጡ ማዘዝ ይችላል። በሜሪላንድ ግን ቀለብ የመክፈል ግዴታ በመሠረቱ በ18 ዓመት፣ ልጁ ሁለተኛ ደረጃ እየተማረ ከሆነ ቢበዛ በ19 ያበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያስገድደው ወላጆቹ ራሳቸው የፈረሙት ስምምነት ነው። ስለዚህ የፍቺ ውል ሲጻፍ የትምህርት ክፍያን ማን ምን ያህል እንደሚሸፍን፣ ልጁን በግብር ማን እንደሚያስመዘግብና የትምህርት ቁጠባው በማን ስም እንደሚሆን በግልጽ ማስፈር ይገባል። በ529 የቁጠባ ሒሳብ ያለ ገንዘብ ፋፍሳን በማይሞላው ወላጅ ስም ከሆነ በፌዴራሉ ስሌት ውስጥ አይገባም።

መቼ ምን ይደረግ?

ፋፍሳ በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 ይከፈታል። የ2026–27 ቅጽ የሚጠቀመው የ2024ን የግብር መረጃ ነው። በመካከሉ ፍቺ የተፈጸመ ከሆነ የጋብቻ ሁኔታ የሚሞላው በዕለቱ ባለው ነው፤ በጋራ ቀርቦ ከነበረው የግብር ማሳወቂያም የወላጁ ድርሻ ብቻ ተለይቶ ይወሰዳል። ሥራ የለቀቀ ወይም ገቢው የቀነሰ ወላጅ ለኮሌጁ የዕርዳታ ጽሕፈት ቤት ሰነድ አቅርቦ ስሌቱ እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል።

የክፍላተ ግዛት ድጎማዎች የየራሳቸው ቀነ ገደብ አላቸው። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ ዋናው ቀነ ገደብ በተለምዶ ማርች 2 ነው። የ12 ወር የድጋፍ መዝገብ፣ ማለትም የቤት ኪራይ፣ የምግብ፣ የመድን፣ የስልክና የተላከ ገንዘብ ደረሰኝ፣ ከሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመት አስቀድሞ መያዝ ሲጀመር የትኛው ወላጅ ቅጹን እንደሚሞላ ያለ ክርክር ይታወቃል።

ቅጹን ማስገባት ክፍያ የለውም። ገንዘብ ተቀብለው ፋፍሳን «እናስፈጽማለን» የሚሉ ሰዎች ስላሉ መጠንቀቅ ያሻል፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማካሪዎችና የኮሌጆች የዕርዳታ ጽሕፈት ቤቶች ያለ ክፍያ ያግዛሉ። በግብርና በፍቺ ጉዳይ ግን የእያንዳንዱ ቤተሰብ ሁኔታ ስለሚለያይ፣ ከመፈረም በፊት ፈቃድ ያለውን የግብር ባለሙያ ወይም ጠበቃ ማነጋገር ተገቢ ነው።